«አገርህ ወዴት ነው?»

ይህች ጥያቄ እኛ ዘንድ አንዳንዴ ቡና ታጣጣለች፣ አንዳንዴም ታኳርፋለች። በሕክምና ታሪክ ግን ሕፃናትን ከደም ካንሰር ለማዳን መንገድ የከፈተችበት ጊዜ አለ።

የደም ካንሰር አንድ በሽታ ይምሰለን እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ በየአገሩም እኩል አይታይም። በአውሮፓና በአሜሪካ አረጋውያን ላይ የሚበዛው፣ ቀስ እያለ የሚያድገው ዓይነት ጃፓን ውስጥ ብርቅ ነው። ጃፓን ደግሞ የራሷ ጣጣ ነበረባት።

እ.ኤ.አ. በ1977 ኪዮሺ ታካትሱኪና ባልደረቦቹ ኪዮቶ ላይ ስለ 16 ሕሙማን ጻፉ። ሕመሙ አዋቂዎችን የሚይዝ፣ ቲ ሴል ከሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚነሳ፣ እስከዚያ ድረስ ለብቻው ስም ያልወጣለት ሉኪሚያ ነበር። የትውልድ ቦታቸው ሲታይ ከ16ቱ 13ቱ የኪዩሹ ደሴት ተወላጆች ሆነው ተገኙ።

ናጋሳኪም ያለችው ኪዩሹ ላይ ነውና አንባቢ አቶሚክ ቦምቡን ሊጠረጥር ይችላል። መንስኤው ግን ቫይረስ ነበር። በ1980 የአሜሪካው የሮበርት ጋሎ ቡድን ቫይረሱን ይፋ አደረገ፤ በ1981 ዮሪዮ ሂኑማ ከጃፓን ሕሙማን ጋር አገናኘው። በ1982 ደግሞ ለንደን ውስጥ ያው በሽታ ከካሪቢያን በመጡ ሰዎች ላይ ታየ። የጃፓኖች ብቻ ነው ማለት ቀረ።

ታዲያ ከዋነኞቹ መተላለፊያዎች አንዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የእናት ጡት! ቫይረሱን ከተሸከሙት በካንሰሩ የሚያዙት ከመቶ አምስት ገደማ ናቸው፤ ያውም ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ። ናጋሳኪ በ1987 ነፍሰ ጡሮችን መመርመር ጀመረች። ቫይረሱ የተገኘባቸው እናቶች ብቻ የዱቄት ወተት እንዲሰጡ ተመከሩ። ለረጅም ጊዜ ከሚጠቡት ልጆች ከአምስት አንዱ ገደማ ቫይረሱ ሲይዘው፣ ካልጠቡት ግን 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆነ።

አገር አቀፉ ምርመራ ግን እስከ 2010 ዘገየ። «የኪዩሹ ጉዳይ ነው» ተብሎ ነበራ! ሰው ግን አገሩን ለቆ ሲሄድ ደሙን ጥሎ አይሄድም፤ ተሸካሚዎቹ ቶኪዮም ነበሩ።

«አገርህ ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ደግ ነው። ጠይቆ «እንግዲያ የእነሱ ጣጣ ነው» ማለት ግን ልጅ ያስከፍላል።