ከነብራስካ ምንጣፍ እስከ ሻምፒዮን ቀበቶ፦ የካማሩ ኡስማን መንገድ ለወላይታ ምን ይነግረዋል?

ማርች 2 ቀን 2019 ላስ ቬጋስ ላይ ካማሩ ኡስማን ታይረን ውድሊን አምስት ዙር ሙሉ በልጦ ዩኤፍሲ የተባለውን የድብልቅ ማርሻል አርት ድርጅት የዌልተር ሚዛን ቀበቶ ታጠቀ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱ ዳኞች 50 ለ44፣ ሦስተኛው 50 ለ45 ሰጡት። በአፍሪካ ምድር የተወለደ ሰው በዚያ ድርጅት ሻምፒዮን ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር። እንዲህ ያለ ድል ሲገኝ ወሬው ቶሎ ወደ ደምና ወደ አጥንት ይሄዳል፤ ጥንካሬው ከአፈሩ፣ ወኔው ከዘሩ የመጣ ነው ይባላል። በወላይታም ይህ አነጋገር እንግዳ አይደለም። ከብት የሚጠብቁ ልጆች መስክ ላይ ተያይዘው ሲታገሉ ያየ ሁሉ ጉልበቱ እዚህ ሞልቷል፣ የጎደለው ዕድል ብቻ ነው ብሎ ያልፋል። እኔ ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው እላለሁ። ጉልበቱ በእርግጥ አለ። ዕድል የምንለው ግን ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም፤ ሰዎች በዓመታት የሚሠሩት ቤት ነው። የኡስማን ታሪክም በቅርብ ሲታይ የአንድ ብርቱ ሰው ታሪክ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤት ታሪክ ነው።

ዩኤፍሲ በኖቬምበር 1993 ዴንቨር ላይ የመጀመሪያ ውድድሩን ሲያካሂድ ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ከቦክሰኛው፣ ከካራቴው፣ ከጁዶውና ከታጋዩ ማን ያሸንፋል የሚል። መጀመሪያ ያሸነፈው በብራዚል ጁጂትሱ ያደገው ሮይስ ግሬሲ ነው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ሜዳውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ታጋዮች ወረሱት። ማርክ ኮልማን በ1988 ለኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተወዳድሮ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን የሆነ፣ በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ ሀገሩን ወክሎ የታገለ ሰው ነው፤ በ1997 የዩኤፍሲ የመጀመሪያው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ከእሱ በኋላ ራንዲ ኩቱር፣ በ2000 የዩኒቨርሲቲዎችን ዋንጫ ያነሳው ብሮክ ሌስናር፣ በአቴንስ ኦሊምፒክ አራተኛ የወጣው ዳንኤል ኮርሚየር በተራ መጡ። ይህ ድንገት የሆነ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ብሔራዊ የትግል ሻምፒዮና የተጀመረው በ1928 ነው። ዩኤፍሲ ሲወለድ ስልሳ አምስት ዓመት የተጠራቀመ ልምድ፣ አሰልጣኝና ምንጣፍ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር።

ኡስማን የተወለደው በናይጄሪያ ኤዶ ግዛት ባለችው አውቺ ከተማ በ1987 ነው። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ቴክሳስ ሄደ። ትግልን ያገኘው እዚያ በአርሊንግተን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ማለትም በትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ አሰልጣኝ፣ አንድ ምንጣፍና በየሳምንቱ የሚመጣ ተጋጣሚ ስለነበር ነው። ከዚያም በአዮዋ ዊልያም ፔን ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ወደ ነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የካርኒ ካምፓስ ተዛወረ። ካርኒ በሜዳማው የበቆሎ አገር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲውም ታላላቆቹ በሚጫወቱበት በአንደኛው ሳይሆን በሁለተኛው ዲቪዚዮን የሚወዳደር ነው። እዚያ ሦስት ጊዜ ከሀገሪቱ ምርጦች ተርታ ገባ፣ በ2010 በ79 ኪሎ አካባቢ ባለው ምድብ የዲቪዚዮኑ ሻምፒዮን ሆነ። ቀጥሎ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ የኦሊምፒክ ማሰልጠኛ ለ2012 ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ጉዳት መንገዱን ዘጋበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ድብልቅ ማርሻል አርት ገባ። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ ኡስማን በታላቁ መድረክ ሳይሆን በሁለተኛው ረድፍ ያደገ ሰው ነው። በሁለተኛው ረድፍ ያለ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ እንኳ የዓለም ሻምፒዮን የሚያህል ሰው መሥራት የቻለው ሥርዓቱ እስከ ታች ድረስ የወረደ ስለነበር ነው።

ዩኒቨርሲቲው የሰጠው ምን እንደነበር በውጊያዎቹ ውስጥ በግልጽ ይታያል። በድብልቅ ማርሻል አርት ትልቁ ጥያቄ ውጊያው የት ይካሄድ የሚለው ነው፤ ቆሞ ይሁን መሬት ላይ፣ መሃል ሜዳ ይሁን ሜዳውን በከበበው የብረት አጥር ስር። ይህን የሚወስነው ታጋዩ ነው። የሚቦክስ ሰው ቡጢውን የሚሰነዝረው እግሩ መሬት እስከረገጠ ድረስ ብቻ ነው፤ እግሩን ጠልፎ መጣል የሚችል ሰው ደግሞ መቼ ቆሞ፣ መቼ ተኝቶ እንደሚዋጋ ይመርጣል። ውድሊ ራሱ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ታጋይ የነበረ ነው፤ ኡስማን ግን አምስት ዙር ሙሉ አጥሩ ላይ ለጥፎ ትንፋሽ አሳጣው። በዲሴምበር 2019 ከኮልቢ ኮቪንግተን ጋር ሲገናኝ ደግሞ የሆነው ነገር ለእኔ ከሁሉ የላቀ ማስረጃ ነው። ኮቪንግተን የኦሬጎን ስቴት ታጋይ ነበር። ሁለቱ በትግል የተካኑ ሰዎች እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዱም ሌላውን ለመጣል አልሞከረም፤ ቆመው ተቀጣቀጡ፣ የኮቪንግተን መንጋጋ ተሰበረ፣ አምስተኛው ዙር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዳኛው ውጊያውን አስቆመ። ትግሉ ባይታይም ውጊያውን የቀረጸው ትግሉ ነው። ኡስማን ቀበቶውን አምስት ጊዜ አስጠብቋል፣ በድርጅቱ በተከታታይ አሥራ አምስት ጊዜ አሸንፏል። በዚያ ሁሉ ጊዜ መሬት ላይ የጣለው ተጋጣሚ አልነበረም። የመጀመሪያው ሊዮን ኤድዋርድስ ነው፤ በኦገስት 2022 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ በመጀመሪያው ዙር ጣለው፣ በመጨረሻው ዙር ውጊያው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ሲቀረው በእግሩ ጭንቅላቱን መትቶ ዘረረው። ኡስማን ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ተሸንፎ፣ በጁን 2025 በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ዋኪን በክሊን በነጥብ አሸንፎ ተመልሷል። ጉልበት ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፤ በትምህርት ቤት የተሠራ ችሎታ ግን ሰውየውን እስከዚያ ዕድሜ ተሸክሞታል።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ፍራንሲስ ንጋኑስ? ካሜሩን ውስጥ ባቲዬ በምትባል ቦታ በልጅነቱ አሸዋ ሲቆፍር ያደገ፣ በረሃና ባሕር አቋርጦ አውሮፓ የገባ፣ በ2013 ፓሪስ የደረሰ ሰው የማንን ዩኒቨርሲቲ አየ? ሌጎስ የተወለደው እስራኤል አዴሳንያስ በኪክቦክሲንግ አልመጣም? ሁለቱም ሻምፒዮን ሆነዋል፤ በ2021 ሦስት አፍሪካ የተወለዱ ሰዎች በአንድ ጊዜ ቀበቶ ታጥቀው ነበር። ነገር ግን የንጋኑን መንገድ እስከ መጨረሻው እንከተለው። በጃንዋሪ 2018 በዚያ አስፈሪ ቡጢው ቀበቶ ሊወስድ ወጥቶ፣ በኮሌጅ ትግል ያደገው ስቲፔ ሚዮቺች ደጋግሞ ጥሎት አምስት ዙር ሙሉ አደከመው። ንጋኑ በ2021 ተመልሶ ያሸነፈው የሚጥለውን ሰው መመከት ተምሮ ነው፤ በጃንዋሪ 2022 ሲሪል ጋኔን የረታውም በቡጢ ሳይሆን ራሱ እየጣለ ነበር። ያልተማረውን ትግል በጎለመሰ ዕድሜው ተቀምጦ ተማረ። አዴሳንያም በኦክላንድ፣ ንጋኑም በፓሪስ የገቡበት ጂም፣ ያገኙት አሰልጣኝ አለ። ቤቱ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ ቤት መኖሩ ግን ግዴታ ነው። ሁለቱም ያን ቤት ያገኙት ከተወለዱበት ሀገር ከወጡ በኋላ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ሳይሄዱ የሚገኝበት መንገድ አለ ወይ ለሚል ደግሞ ሴኔጋል መልስ አላት። የሴኔጋል ባህላዊ ትግል፣ ላምብ፣ ከመንደር ጨዋታነት ወጥቶ አሰልጣኝ፣ ቡድን፣ ስፖንሰርና የቴሌቪዥን ስርጭት ያለው ሙያ ሆኗል። በ2018 በዳካር አጠገብ ፒኪን ላይ ሃያ ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዝ የትግል ስታዲየም ተመረቀላቸው። ከዚያ ዓለም የወጣው ኡመር ኬን በኖቬምበር 2024 ባንኮክ ላይ አናቶሊ ማሊኪንን አሸንፎ ዋን ቻምፒዮንሺፕ የተባለው የድብልቅ ማርሻል አርት ድርጅት የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ሳይረግጥ፣ የራሱ ሕዝብ በሠራው ሜዳ አድጎ። ይህን ምሳሌ ከኡስማን ይልቅ ለእኛ የቀረበ አድርጌ አየዋለሁ።

በኢትዮጵያስ? የኦሊምፒክ ሜዳልያዎቻችን በሙሉ የመጡት ከአትሌቲክስ ነው። ይህ ስለ እግራችን ብዙ ይናገራል፤ ስለ ቤታችን ግን የበለጠ ይናገራል። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሁሉም የበቆጂ ናቸው፤ በበቆጂ ደግሞ የትምህርት ቤት ስፖርት መምህር የነበረው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በየማለዳው ልጆችን ያሠራ ነበር። ከፍታውና አየሩ በሌሎች ብዙ ከተሞቻችንም አለ፤ የበቆጂ ልዩነት በየቀኑ ሜዳው ላይ የሚቆም ሰው መኖሩ ነው። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ሆኖ በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በረዶ የሌለው ሀገር ልጅ የበረዶ ኦሊምፒያን መሆን ከቻለ፣ ደም የሚለው ክርክር ምን ይቀረዋል?

ከሁሉ የሚቀርበው ማስረጃ ግን ሶዶ ውስጥ ነው። የእግር ኳስ ክለቡ ወላይታ ድቻ የተመሠረተው በ2009 ነው። በጥቂት ዓመታት ፕሪሚየር ሊግ ገባ፣ በ2017 የኢትዮጵያን ዋንጫ አነሳ፣ በ2018 በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የዛንዚባሩን ዚማሞቶ አልፎ አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን ከሆነው የግብፁ ዛማሌክ ጋር ተመደበ። ሐዋሳ ላይ 2 ለ1 አሸነፈ፣ ካይሮ ላይ 2 ለ1 ተሸነፈ፣ በመለያ ምት 4 ለ3 አለፈ። ያንን ያደረገው ቡድን ገና አሥር ዓመት ያልሞላው ነበር። የወላይታ ልጆች ኳስ የመጫወት ፍቅር በ2009 አልተወለደም፤ በ2009 የተወለደው ስም፣ ማሊያ፣ ደመወዝ፣ አሰልጣኝና የጨዋታ መርሐ ግብር ያለው ቤት ነው። ትግሉ እንዲህ ያለ ቤት ስለሌለው ከመስክ ሳይወጣ ከልጅነት ጋር ይቀራል።

ሌላው ተቃውሞ ከወላጆች የሚመጣ ነው፤ ትክክለኛም ነው። ልጄ በብረት አጥር ውስጥ ጭንቅላቱን እንዲመታ አልፈልግም የሚል እናት ወይም አባት ሊመከር እንጂ ሊናቅ አይገባውም። ይህ ሙያ አካል ይጎዳል። የኡስማን ጉልበቶች ለብዙ ዓመት ሲያሠቃዩት ኖረዋል፤ ጭንቅላት ላይ የሚደጋገም ምት የሚያስከትለውን ጉዳት ሐኪሞች አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህ እኔ የምከራከረው ለአጥሩ ሳይሆን ለምንጣፉ ነው። የኦሊምፒክ ትግል ቡጢና ርግጫ የለበትም፤ በክብደትና በዕድሜ ምድብ የተከፋፈለ፣ ዳኛና ሕግ ያለው፣ ሴቶችም የሚወዳደሩበት ስፖርት ነው። ከመቶ ታጋዮች ዘጠና ዘጠኙ አጥር ውስጥ ሳይገቡ መምህር፣ ወታደር፣ ነጋዴ ወይም አሰልጣኝ ሆነው ቢቀሩ ቤቱ ሥራውን ሠርቷል። ኡስማን እንኳ መጀመሪያ የፈለገው ኦሊምፒክን ነበር።

የመሬት ጥበት ባለበት፣ ብዙ ወጣት ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባና ከዚያም አልፎ በሚሄድበት ዞን ለትግል ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው የሚለውንም አውቃለሁ። ነገር ግን የሚጠየቀው የፒኪንን ስታዲየም መሥራት አይደለም። ሕጉ የሚፈልገው የውድድር ምንጣፍ በአሥራ ሁለት ሜትር ጎን የሚለካ ሲሆን መታገያው ክብ ዘጠኝ ሜትር ስፋት አለው፤ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ይበቃዋል። ከምንጣፉ ይልቅ የሚከብደው ሰው ማቆየቱ ነው። ስፖርት ሳይንስ ተምሮ የተመረቀ ወጣት በየወረዳው ትምህርት ቤት ተቀጥሮ፣ ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ለሚያሠራበት ሰዓት ክፍያ ማግኘት አለበት፤ ያለዚያ ሁለተኛው ዓመት ላይ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ተጋጣሚም ያስፈልገዋል። የኡስማን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታጋይ ያወጣው በየሳምንቱ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ስለሚገናኝ ነው። ሶዶ፣ ቦዲቲ፣ አረካና ገሱባ እርስ በርስ የአንድ ቀን መንገድ አይፈጁም፤ አራት ትምህርት ቤቶች በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተጎበኙ ቢታገሉ፣ በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ዛሬ በዓመት አንዴም የማያገኘውን ያህል ውድድር ያገኛል።