የዘይት ቆርቆሮው ምን ይላል?



የዛሬው ንግግራችን ስለ ሞተር ዘይትና ስለ ፊልትሮ ነው። «ፊደል እያስቆጠራችሁን ሳለ ምነው ወደ ጋራዥ ወሰዳችሁን?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው የመኪናውን ዘይት በገዛ እጁ ለመለወጥ አስቦ ወደ ሱቅ ይሄዳል። «ወፍራሙን ስጠኝ» ይላል። ባለ ሱቁ ቀለሙ ያማረ አንድ ቆርቆሮ ያወርድለታል። (ቆርቆሮ እላለሁ እንጂ ዛሬ ብዙው ፕላስቲክ ነው።) በዋጋው ይከራከራሉ፤ ይከፍላል፤ ይሄዳል። በላዩ የተጻፈውን ሻጩም አላነበበው፣ ገዢውም አላነበበው። ስሕተት ካለበት ዕዳውን የሚከፍለው ሞተሩ ነው፤ በዚያ ሞተር የሚተዳደር ቤተ ሰብ ካለ ደግሞ እነሱም ጭምር።

ታዲያ እነዚያ ፊደሎችና ቁጥሮች ከየት መጡ? ማን ጻፋቸው? ታሪካቸውን ካወቅን ንባቡ አይከብደንም። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ ይግላል፣ ይፋቃል፣ በመጨረሻም ይጣበቃል። መድኃኒቱ በመካከላቸው አንድ ስስ ነገር ማስገባት ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ እናቶቻችን እንጀራው እንዳይያዝባቸው ምጣዱን በጎመን ዘር ያስሱት የለም? በውጭ አገርም የእንፋሎት ሞተር በተሠራ ጊዜ የሚቀባው በሞራ፣ በወይራ ዘይትና በጉሎ ዘይት ነበር። ችግሩ ባቡር ላይ ጎልቶ ታየ። ባቡሩ ጥቂት ከሄደ በኋላ ይቆማል፤ ዘይት ቀቢው ማሰሮውን ይዞ ይወርድና እየዞረ ይቀባል፤ ከዚያ ጉዞው እንደገና ይጀመራል።

ይህን ችግር ካቃለሉት ሰዎች አንዱ ኤላይጃ ማኮይ ነው። እናትና አባቱ በአሜሪካ ከኬንታኪ ግዛት ከባርነት አምልጠው ካናዳ የገቡ ጥቁሮች ነበሩ። ልጃቸው በልጅነቱ ብረታ ብረት መነካካት የሚወድ ሆኖ ስላገኙት ወደ ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ከተማ ልከው መሐንዲስነት አስተማሩት። ተምሮ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሚሺጋን ሲመጣ ግን በቆዳው ቀለም ምክንያት በሙያው የሚቀጥረው አጣ። ያገኘው ሥራ በባቡር ላይ ከሰል እየዛቀ እሳት ማንደድና ዘይት መቀባት ነበር። እዚያው እሳቱ ዳር ሆኖ ነገሩን ሲያጠና ከቆየ በኋላ፣ ባቡሩ እየሄደ በራሱ ዘይት የሚያደርስ ጽዋ ሠራና በ1872 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዘይት መቀባት የተናቀ ሥራ ነው የሚል ቢኖር ይህን ሰው ያስታውስ።

ዘይቱ ራሱም በእነዚያ ዓመታት ተለውጧል። በ1859 ኤድዊን ድሬክ የተባለው ሰው በፔንሲልቫኒያ፣ ታይተስቪል በምትባል ቦታ የነዳጅ ዘይት ጉድጓድ አስቆፈረ። የተፈለገው የፋኖስ ጋዝ ነበር። ጋዙ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ወፍራም ነገር ግን ለብረት ማለስለሻ ከሞራ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ሞራ በብርቱ ሙቀት ይበላሻል፣ ብረቱንም ይበላዋል። የዕፅዋት ዘይት ግን ቶሎ አልተረሳም። ቻርልስ ዌክፊልድ የተባለው እንግሊዛዊ ነጋዴ በ1909 ለአዲሱ ዘይቱ «ካስትሮል» የሚል ስም ሲያወጣለት ስሙን የወሰደው ከጉሎ ነው፤ የጉሎ ዘይት በእንግሊዝኛ ካስተር ኦይል ይባላልና። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብዙ አውሮፕላኖች ሞተር በጉሎ ዘይት ይሠራ ነበር። አዎን፣ ያ በየአጥራችን ሥር የሚበቅለው ጉሎ! ብረትን በማልበስ ረገድ ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ ጉድለቱ እየቆየ እንደ ሙጫ መዝለግለጉ ነው።

እንግዲህ ወደ ፊደሉ እንምጣ። ቤድ ቤንትሊ የሚባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ያመጣው በ1907 እና በ1908 መካከል ነው። በዚያን ዘመን ቆርቆሮ ላይ ሁሉን የሚያግባባ ቁጥር አልነበረም። ሻጩ «ቀጭን»፣ «መካከለኛ»፣ «ወፍራም» እያለ በገዛ ቃሉ ይሸጣል። የአንዱ መካከለኛ ለሌላው ወፍራም ነው። ገዢው የሻጩን አፍ ከማመን በቀር መለኪያ የለውም።

በ1905 በአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ተቋቋመ። ይህ ማኅበር በ1911 ዘይትን በውፍረቱ የሚለይ የመጀመሪያ መመሪያ አወጣ፤ በ1920ዎቹ ውስጥም ዛሬ የምናውቃቸው ዓይነት ቁጥሮች መጡ፤ 20፣ 30፣ 40፣ 50 እየተባለ። የማኅበሩ ስም ምሕጻር በላቲን ፊደል ኤስ፣ ኤ፣ ኢ ነው። ላቲን ያልተማራችሁ አትደንግጡ። ኤስ እንደ እባብ የተጠማዘዘችው ናት። ኤ የእኛን «ለ» ትመስላለች፤ ወገቧ ላይ ግን አንድ መስመር ተሰምሮባታል። ኢ ሦስት ጥርስ ብቻ የቀረው ማበጠሪያ ናት። ሦስቱን ተከታትለው ካገኛችኋቸው፣ ከአጠገባቸው ያለው ቁጥር የውፍረት ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ውፍረት ብቻ ነው። የሚለካውም ውኃና ማርን በአንድ ቀዳዳ ብናወርድ ማሩ እንደሚዘገይ ሁሉ፣ ዘይቱ በታወቀ ሙቀት እንዴት እንደሚፈስ በማየት ነው። ስለዚህ 50 ከ30 ይወፍራል፤ ይበልጣል ማለት ግን አይደለም። ለ30 በተሠራ አዲስ ሞተር ውስጥ 50 መጨመር ጠዋት ጠዋት ዘይቱ ወደ ላይኞቹ ብረቶች እስኪደርስ ማዘግየት ነው። «ወፍራሙ ጭስ ያቆምልሃል» የሚል ሻጭም አለ። ጭሱ ለጊዜው ይቀንስ ይሆናል፤ የተበላው ፒስተን ግን በዚያ አይድንም።

አንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ሁለት ቁጥር አለ። በመካከላቸው ደብልዩ የምትባል ፊደል ትቆማለች፤ ይህችስ ንጉሡን «ሠ» ቁጭ ናት! ክረምት ወይም ብርድ ለማለት የገባች ናት። ብርቱ ብርድ ባለባቸው አገሮች በበጋ ወፍራም፣ በክረምት ቀጭን ዘይት መለዋወጥ ግዴታ ነበር፤ በሩቅ ሰሜን ያሉ አውሮፕላን ነጂዎችማ ማታ ዘይቱን ቀድተው ቤት ያስገቡና ጠዋት አሙቀው ይመልሱት ነበር። በ1950ዎቹ ሲሞቅ ከልክ በላይ እንዳይቀጥን የሚያደርግ ቅመም ተጨምሮበት፣ አንዱ ዘይት ለሁለቱም ወቅት የሚሆንበት ዘዴ በገበያ ተስፋፋ። 20ደብልዩ-50 ሲባል እንግዲህ በብርድ እንደ 20 ያለ፣ ሞተሩ ሲግል እንደ 50 ያለ ማለት ነው። የብርዱ ቁጥር የሚፈተነው ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ፣ አፋር ቆላማ መንገድ ላይ ደግሞ ይልቁንም፣ አጥብቃችሁ የምታዩት ሁለተኛውን ቁጥር ነው።

ጥራቱንስ በምን እንወቅ? ለዚያ ሌላ ፊደል አለ፤ እሱም በችግር የመጣ ነው። በ1930ዎቹ አዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች እየቆሸሹ የፒስተናቸው ቀለበት ይጣበቅ ጀመር። ያን ጊዜ ዘይቱ ውስጥ እንደ ሳሙና ያለ ቅመም ተጨመረ። ይህ ቅመም ጥቀርሻው ብረቱ ላይ እንዳይጋገር ይዞ ያንሳፍፈዋል። ጥሩ ዘይት፣ በተለይ በናፍጣ ሞተር፣ በጥቂት ቀን የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው። «ጠቆረ፣ ሞተ» ብሎ በሳምንቱ የሚደፋ ሰው ገንዘቡን ይደፋል፤ «ገና ንጹሕ ነው» ብሎ ዓመት የሚያቆየውም የባሰ ይጎዳል። ቀለም ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ቅመም ያለበትና የሌለበት በአንድ ገበያ ሲሸጥ ገዢው እንደገና ተቸገረ። የአሜሪካ የነዳጅ ዘይት ኢንስቲትዩት በ1947 ዘይቱን በሦስት ደረጃ ከፈለው፤ በ1952 አሻሻለው፤ ከ1970 ወዲህ ደግሞ ዛሬ የምናየው አጻጻፍ መጣ። ለቤንዚን ሞተር መጀመሪያዋ ፊደል ያቺው እባቧ ኤስ ናት። ለናፍጣ ሞተር የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ሲ ናት። ከእሷ ቀጥላ የምትመጣው ፊደል ዘመኑን ትነግረናለች። ኤስ-ኤ ምንም ቅመም የሌለበት ነው፤ ኢንስቲትዩቱ ራሱ ከ1930 በኋላ ለተሠሩት አብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች አይሆንም ይላል። ኤስ-ቢ ከ1951 በኋላ ለተሠሩት አይሆንም። እንዲህ እያለ በፊደል ተራ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ኤስ-ፒ የሚባለው በ2020 የወጣ ነው። ሰው ፊደል ተራውን ካወቀ፣ መኪናው ከሚጠይቀው ወደ ኋላ የቀረ ዘይት ቢያቀርቡለት «ይሄ ለአያቴ መኪና ነው» ብሎ ይመልሳል።

አሁን ወደ ፊልትሮ። የጥንት አውቶሞቢሎች ፊልትሮ አልነበራቸውም፤ ቢበዛ አንድ የሽቦ ወንፊት ነበር። አቧራና የብረት ፍቅፋቂ ዘይቱን እየበከለ ስለሚያስቸግር ከ800 እስከ 1600 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ መለወጥ የተለመደ ነበር። በ1923 ኧርነስት ስዊትላንድ የተባለ አሜሪካዊ የዘይት ማጣሪያ ሠራና ፑሮሌተር አለው፤ «ንጹሕ ዘይት በኋላ» ከሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት የገጣጠመው ስም ነው። በ1924 የወጣው ክራይዝለር መኪና ይህን ይዞ መጣ። በመጀመሪያ ጊዜ የሚጣራው ከዘይቱ ከፊሉ ብቻ ነበር፤ ወደ ብረቶቹ የሚሄደው ዘይት በሙሉ አስቀድሞ እንዲጣራ የተደረገው በኋላ ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ ዛሬ የምናውቀው፣ እንደ ጣሳ ተጠምዝዞ የሚገባውና የሚጣለው ፊልትሮ ወጣ። በራስ እጅ ዘይት መለወጥን ያቀለለው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

በአዲስ አበባ የምናውቃቸው አሮጌዎቹ ቮልሶች ግን የጥንቱን ሥርዓት ጠብቀው ቆይተዋል። ፊልትሮ የላቸውም፤ ከሞተሩ ሥር ወንፊት አላቸው። የሚይዙት ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ነው። ጥቂት ዘይት፣ ማጣሪያውም ወንፊት ስለሆነ፣ መለወጫው ጊዜ ሲደርስ ነገ ከነገ ወዲያ አይባልም። ወንፊቱም ወጥቶ በቤንዚን ወይም በናፍጣ መታጠብ አለበት።

የፊልትሮ ምርጫ የዓይን ግምት አይደለም። ሁለት ፊልትሮ በመልክና በቁመት አንድ ሆነው ጥርሳቸው ወይም የጎማ ቀለበታቸው ስፋት ሊለያይ ይችላል። ውስጣቸውም እንዲሁ። በብዙዎቹ ውስጥ ወረቀቱ ሲደፈን ተከፍቶ ዘይቱ ሳይጣራም ቢሆን እንዲያልፍ የሚያደርግ በር አለ፤ ሞተር ከደረቀ ቆሻሻ ዘይት ይሻለዋልና። ይህ በር ስንት ግፊት ላይ እንደሚከፈት እንደ ሞተሩ ይለያያል፤ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ አሮጌው ላይ ያለውን ቁጥር በወረቀት ገልብጣችሁ ያንኑ፣ ወይም በሻጩ መዝገብ ከእሱ ጋር የተመሳከረውን ጠይቁ።

ስትለውጡ ሞተሩ ለብ ያለ ይሁን እንጂ የሚያቃጥል አይሁን። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ይህን የምለው ሰው ስለሞተበት ነው። አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ የጎማ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር እዩ፤ ከቀረና አዲሱ በላዩ ከታሰረ ዘይቱ መንገድ ላይ ተደፍቶ ያልቃል። አዲሱን ቀለበት ዘይት ቀቡትና በእጃችሁ አጥብቁት፤ በመፍቻ ማነቅ አያስፈልግም። ቆርቆሮውን ስትገዙ እሽጉ ያልተፈታ መሆኑን ተመልከቱ። የወጣውን ዘይት ወደ ቦይ አትድፉት፤ ከብት የሚጠጣው ውኃ ነው የሚደርሰው።

የትኛው ቁጥርና የትኛው ፊደል ለመኪናችሁ እንደሚሆን የሚናገረው የመኪናው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ከሌለ በሞተሩ መክደኛ አካባቢ ወይም በዘይት መጨመሪያው ክዳን ላይ የተጻፈ እንዳለ ፈልጉ።

አንድ ደብተር ግዙ። በገጹ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ቀኑን፣ በሁለተኛው መኪናው የቆጠረውን ኪሎ ሜትር፣ በሦስተኛው ከቆርቆሮውና ከፊልትሮው ላይ ያያችሁትን ጻፉ። የላቲኑን ፊደል እንዳለ፣ ሳትቸኩሉ ገልብጡት፤ እባቧንም፣ ማበጠሪያዋንም። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሱቅ ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ግቡና ከቆርቆሮው ጋር ጎን ለጎን አስተያዩት።