ኒክ ፔጅ (ዱቡላ)

ኒክ ፔጅ (1960–2021 እ.ኤ.አ.)፣ በመድረክ ስሙ «ዱቡላ»፣ የለንደን ቤዚስት፣ ጊታሪስትና ፕሮዲዩሰር ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስሙ የገነነው የትራንስግሎባል አንደርግራውንድ ባንድ መሥራች አባል ሲሆን፣ ኋላም የጃማይካን ዱብ ከአዲስ አበባ ዘፈን ጋር ያጋባውን ዱብ ኮሎሰስን አቋቁሟል። ዱብ ኮሎሰስን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ፀደንያ ገብረማርቆስን፣ ስንታየሁ (ሚሚ) ዘነበን ወይም ፒያኒስቱን ሳሙኤል ይርጋን በስም ይጠራል። ከእነሱ ሥር ሆኖ ቤዙን የሚመታው ሰው ግን አይነሳም። የቤዚስት ዕጣ በየአገሩ ይኸው ነው፤ የፔጅ ግን ከሁሉ ይበልጥ ያስቆጫል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አመጣጡ

የፔጅ አባት እንግሊዛዊ፣ እናቱ ግሪካዊት ነበሩ። ሙዚቀኛ ሆኖ የበሰለው ግን ለንደን ነው፤ የለንደን ጆሮ ደግሞ በዚያ ዘመን ለቤዝ የተከፈተ ነበር። ምክንያቱ ከካሪቢያን የመጡ ስደተኞች ናቸው። በ1948 «ኤምፓየር ዊንድረሽ» የተባለችው መርከብ ቲልበሪ ወደብ ከደረሰች በኋላ በብሪክስተንና በኖቲንግ ሂል የሰፈሩት ጃማይካውያንና ባርቤዶሳውያን ስካውን፣ ቀጥሎም ሬጌውን ይዘው መጡ። ለጭፈራ የሚያከራይ አዳራሽ ሲጠፋ በመኖሪያ ቤት ምድር ቤት ሳይቀር ሳውንድ ሲስተም ይተክሉ ነበር። ሰው የሚያህሉ ስፒከሮች ተደርድረው ቤዙ በጆሮ ከመሰማቱ በፊት ደረት ላይ ያርፋል። በ1970ዎቹ ከዚሁ ሕዝብ መሐል አስዋድ፣ ማቱምቢና ሚስቲ ኢን ሩትስ የተባሉት ባንዶች ወጡ።

ከሬጌ ዘሮች ሁሉ ለፔጅ የቀረበው ዱብ ነው። ዱብ በኪንግስተን እነ ኪንግ ተቢ የጀመሩት የሚክሲንግ ጥበብ ነው፦ ከተቀዳው ዘፈን ላይ ድምፁን እያነሱ፣ ጊታሩን እየሸራረፉ፣ ቀሪውን በኢኮ እያስተጋቡ ድራሙንና ቤዙን ብቻ ያስቀሩታል። በሌላው ሙዚቃ ቤዝ መሠረት ነው፤ ቤቱ ሲያልቅ መሠረቱ አይታይም። በዱብ ግን ቤቱ ይፈርስና መሠረቱ ብቻውን ይቆማል።

ትራንስግሎባል አንደርግራውንድና ከዚያ ወዲያ

ፔጅ ከቲም ዊላንና ከሃሚድ ማንቱ ጋር የመሠረተው ትራንስግሎባል አንደርግራውንድ በ1991 «ቴምፕል ሄድ» በተባለው ነጠላ ዜማ ታወቀ። የዱብን ቤዝ ከህንድ፣ ከአረብና ከአፍሪካ ድምፆች ጋር የሚያዋህድ፣ በጭፈራ ቤት የሚያስጨፍር ባንድ ነበር። ዘፋኟ ናታሻ አትላስ ዓለም አቀፍ ዝና ያገኘችውም ከዚሁ ባንድ ተነስታ ነው። ፔጅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከባንዱ ወጥቶ ከኒል ስፓርክስ ጋር ቴምፕል ኦቭ ሳውንድን መሠረተ። በ2001 ከፓኪስታኖቹ የቀዋሊ ዘማሪዎች ሪዝዋንና ሙአዛም ጋር፣ በ2002 ደግሞ ከጃ ዎብል ጋር አልበም አወጡ። ጃ ዎብል ራሱ ለንደን ካፈራቻቸው ቤዚስቶች በስም ከሚጠሩት ጥቂቶች አንዱ ነው።

ዱብ ኮሎሰስ

አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. (ኤፕሪል 21 ቀን 1966) ኪንግስተን ከገቡ ወዲህ ሬጌ ስለ ኢትዮጵያ ብዙ ዘፍኗል። አቢሲኒያንስ የተባሉት ሦስት ጃማይካውያን በ1969 በስቱዲዮ ዋን በቀዱት «ሳታ ማሳጋና» ውስጥ አማርኛ እስከ ማስገባት ደርሰዋል። ይሁን እንጂ ሬጌ ስለ ኢትዮጵያ ዘፈነ እንጂ ከኢትዮጵያ ጋር ብዙም አልዘፈነም። የጃማይካ ቤዚስት ትዝታን አያውቅም፤ የአዲስ አበባ አዝማሪም ዱብን አያውቅም።

ፔጅ በ2006 አዲስ አበባ ሄዶ ከከተማው ሙዚቀኞች ጋር መሥራት የጀመረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ከላይ ከተጠቀሱት ሌላ የማሲንቆ ተጫዋቹ ተራማጅ ወረታውና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህሩ ሳክስፎኒስት ፈለቀ ኃይሉ አብረውት ነበሩ። ውጤቱ በ2008 በሪል ወርልድ ኩባንያ የታተመው «ኤ ታውን ኮልድ አዲስ» ነው። ስሙ የእንግሊዞቹን የዘ ጃምን «ታውን ኮልድ ማሊስ» ያስታውሳል፤ ፔጅ በአልበም ስሞቹ መቀለድ ይወድ ነበር። በውስጡ «አዝማሪ ዱብ»፣ «እንጦጦ ዱብ»፣ «የካ ሰብ ሲቲ ሮከርስ» እና «መርካቶ ሚዩዚክ» የተባሉ ሥራዎች አሉ። የየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ሰፈሩን የዱብ ርዕስ ሆኖ ሲያገኘው ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

የቤዝ አመታቱ

የፔጅን ችሎታ ለመመዘን ሥራው ከምን ጋር እንደ ታገለ ማወቅ ያስፈልጋል። የአማርኛ ዘፈን በአምስት ድምፅ ቅኝቶች ላይ የቆመ ነው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። አዝማሪው የሚያወጣውን ዜማ ማሲንቆው እያስጌጠ ይከተለዋል፤ ከሥር የሚለዋወጥ ኮርድ የለም። ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጠው ከበሮው ነው። በገና ወፍራም ድምፅ ቢኖረውም የጸሎት መሣሪያ ነውና ለዘፈን አይቀርብም። ስለዚህ ቤዝ ጊታር ይዞ የገባ ሰው አስቀድሞ የተዘጋጀለት ቦታ አያገኝም። የምዕራቡን ኮርድ ከሥር ቢዘረጋ ቅኝቱን ያበላሸዋል፤ ዜማውን ተከትሎ ቢሮጥ ደግሞ ማሲንቆውን ይጋፋል።

ይህን ችግር የአዲስ አበባ ቤዚስቶች ከፔጅ በፊት ፈትተውታል። መሐሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «እረ መላ መላ» የሚያንቀሳቅሰው የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ነው። ዘፈኑን በቃሉ የሚያንጎራጉር ሁሉ የቤዚስቱን ስም ያውቃል ማለት ግን አይደለም። የሪኮ መንገድ ዜማውን እየገፋ የሚሄድ፣ የማያርፍ ነው።

ፔጅ የሄደው በተቃራኒው ነው። ከዱብ የወረሰው ዝምታን ነው፦ አጭር ሐረግ መትቶ ያቆማል፤ ክፍተቱን ለማሲንቆው ወይም ለዘፋኟ ይተዋል፤ ከዚያ ያንኑ ሐረግ ይመልሰዋል። ቤዙ ከቅኝቱ መነሻ ድምፅ አይርቅም፤ በመሆኑም ዘፋኟ ድምፁን እንደ ልቧ ብታጥፍ፣ ብታንቀጠቅጥ የሚያጣላት ኮርድ የለም። ችክችካው ሲመጣ ሌላ ፈተና አለ። የእኛ ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ነው፤ ሬጌ ደግሞ በአራት። ይሁንና ስድስቱ ሦስት ሦስት ሆነው ሲመደቡ ሁለት ሰፋፊ ምቶች ይወጣሉ፤ በእነዚያ ምቶች ላይ ዝግ ያለ ቤዝ ሲቀመጥ እስክስታውም አይቆምም፣ የሬጌው እርጋታም አይጠፋም። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን የሚጠይቀው ቤዚስቱ ጣቱን መግታት መቻሉን ነው፤ ብዙ ችሎታ ያለው ሰው ደግሞ ጣቱን ለመግታት ይቸገራል።

በስካና በሬጌ ታሪክ የዚህ ዓይነቱ ቤዚስት ስሙ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። የስካታላይትሱ ሎይድ ብሬቬት ከነሳክስፎኒስቶቹ ጀርባ ቆሞ ኖረ። በሆላንድ በስካና ሬጌ የገነነው የዱ ማር ባንድ ሄኒ ፍሪንተን እንኳ የታወቀው በዘፋኝነቱና በደራሲነቱ ነው፤ ቤዝ የያዘው እጁ ግን ተረስቷል። ፔጅ ደግሞ ፕሮዲዩሰርነቱ ጭምር ነው የጋረደው፤ ጽሑፎች «ሐሳቡን ያመነጨው ሰው» ይሉትና ያልፉታል።

በለንደን ኢትዮጵያውያን ዘንድ ከፔጅ ጋር የሚነጻጸር ሌላ መንገድም አለ። ለንደን የሚኖረው የክራር ተጫዋች ተመስገን ዘለቀ የመራው ክራር ኮሌክቲቭ በ2012 «ኢትዮጵያ ሱፐር ክራር» የተባለ አልበም አውጥቷል። በዚህ ባንድ የቤዙን ሐረግ የሚመታው ድምፁ በኤሌክትሪክ የጎላው ክራር ራሱ ነው። ፔጅ ቤዙን ለማሲንቆው አለዘበው፤ የተመስገን ባንድ ደግሞ ባህላዊውን መሣሪያ ራሱን ቤዝ አደረገው።

ኋለኞቹ ሥራዎች

ዱብ ኮሎሰስ በ2011 «አዲስ ስሩ ዘ ሉኪንግ ግላስ»ን አወጣ። በውስጡ «ሳታ ማሳጋና» በአዲስ መልክ ቀርቧል፤ ስለዚህ ጃማይካውያኑ ተምረው የዘፈኑት አማርኛ ከአርባ ዓመት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሙዚቀኞች ተመለሰ ማለት ነው። በ2012 «ዱብ ሚ ቴንደር»፣ በ2014 ደግሞ «አዲስ ቱ ኦሜጋ» ተከተሉ። በመጨረሻው ላይ የአዲስ አበባ ድምፅ እየሳሳ የለንደን ሬጌ ይበዛል፤ በዚህ ጸሐፊ ጆሮ ደካማው እሱ ነው። በ2012 የወጣውን የሳሙኤል ይርጋን የመጀመሪያ አልበም «ጉዞ»ንም ያዘጋጀው ፔጅ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ በ2010 ሲሪያና በተባለው ባንድ የደማስቆን ሙዚቃ፣ ቀጥሎም ካኦስ በተባለው የእናቱን አገር የግሪክን ሙዚቃ ሞክሯል።

ፔጅ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. (ሜይ 11 ቀን 2021) በካንሰር በሽታ በ60 ዓመቱ አረፈ።

ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ከ«አዝማሪ ዱብ» ቢጀምር ይመከራል። በስልክ ስፒከር ግን አይሞክረው፤ ትንሹ ስፒከር ቤዙን ያስቀረዋል፣ የሚሰማውም ማሲንቆውና ዘፈኑ ብቻ ይሆናል። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ያድርግ፤ ጎረቤት የማይቆጣው ከሆነ ደግሞ ትልቅ ስፒከር ይክፈት።