እንስሳ ኮቴ፦ ከሰንሰለት የተፈቱ አራዊት መጠለያ

እንስሳ ኮቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በሆለታ አቅራቢያ በ77 ሄክታር መሬት ላይ የሚገኝ የዱር እንስሳት ማገገሚያ ማዕከል ነው። ቦርን ፍሪ የተሰኘው በጎ አድራጎት ድርጅት ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር አቋቁሞታል። አንበሳ፣ አቦሸማኔ፣ ጦጣና ጭላዳ ተጠልለውበታል።

ከቀደሙት ነዋሪዎቹ የታወቀው ዶሎ የተባለው አንበሳ ነው። በሶማሌ ክልል በምትገኘው የዶሎ ከተማ ለዓመታት በአጭር ሰንሰለት ታስሮ በመኖሩ ጎፈሩ ተልጦ ነበር፤ ስሙም የከተማዋ ስም ነው።

ከአዲስ መጪዎቹ መካከል በሶማሌላንድ በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በኮንትሮባንድ ሊሻገሩ ሲሉ የተያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎች ይገኛሉ። ብዙዎች በመንገድ ይሞታሉ። አቦሸማኔ አደን የሚማረው ከእናቱ ጋር በሚቆይበት አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ ይህን ያጣ ግልገል ከሞት ቢተርፍም ወደ ዱር መመለሱ አዳጋች ነው። ለእንዲህ ያለው ማገገሚያው የዕድሜ ልክ መኖሪያ ይሆንለታል።

ጉዳዩ ለከፋ ሩቅ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የከፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ የአንበሳና የጉሬዛ መኖሪያ ነው። በደኑ ዳር በቆሎውን የሚጠብቅ ገበሬ ከጦጣና ከዝንጀሮ ጋር መፋለሙ አይቀርም፤ እናቲቱ ስትገደል ግልገሏ የልጆች መጫወቻ ሆና ቤት ትገባለች። ደግነት ይመስላል፤ ጦጣዪቱ ስትጎለምስ ግን ትናከሳለች፣ ንክሻዋም በሽታ ያስተላልፋል። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝም በሕግ የተከለከለ ነው።

ብቻውን የተገኘ ግልገል ሁሉ እናት አልባ አይደለም። ድኩላ ግልገሏን ቁጥቋጦ ውስጥ ሸሽጋ ትሰማራለች፤ ሳይነኩት ርቀው ቢሄዱ ተመልሳ ታጠባዋለች።