ስድስት ክር፣ ስድስት ምት

ቆሼ፣ ከቤታችን ግድግዳ ማዶ አንድ ጎረምሳ ጊታር ይለማመዳል። ወር ሙሉ የሚደጋግመው አንድ ዘፈን ነው፤ የእንግሊዞቹ «አኒማልስ» ባንድ በግንቦት 1956 ዓ.ም. ለንደን ላይ በሸክላ ያስቀረጸው «ዘ ሃውስ ኦፍ ዘ ራይዚንግ ሰን»። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን «ምነው ልጄ፣ ትዝታ ጠፍቶ ነው በፈረንጅ ለቅሶ የምታደነቁረን?» ሲሉት ሰማሁ። ልጁ ዝም አለ። እኔ ልመልስለት።

ዘፈኑ የሚሄደው በስድስት ምት ነው። ስድስት ምት ደግሞ ለእኛ ባዳ አይደለም፤ ችክችካችንም በስድስት ይቆጠራል። ስለዚህ ልጁን ቀኝ እጁ አላስቸገረውም። መከራው የግራ እጁ ነው። ክራር ላይ እያንዳንዱ ክር የራሱ አንድ ድምፅ አለው፤ ግራ እጅ የማይፈለገውን ክር ያፍናል። ጊታር ላይ ግን አንዱ ክር እንደ ጣቱ አቀማመጥ ብዙ ድምፅ ይሰጣል። በዚያ ላይ ዘፈኑ ኤፍ የሚባለውን ኮርድ ይጠይቃል፤ በአንዲት አመልካች ጣት ስድስቱን ክር መጫን! ጣት እስኪለምድ ድረስ ክሩ እንደታፈነ ዝንብ ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም።

ይህን መከራ ከልጁ በፊት የቀመሱት ብዙ ናቸው። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጦር ሠፈር በ1969 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ፣ ሬዲዮው የዘመኑን ዘፈን ለከተማው ወጣት ያሰማ ነበር። ኖታ የሌለው በጆሮው ይለቅማል። (መልቀም ነውር ነው የሚል ሰው ቆሼ ላይ አይገኝም።) አዲስ አበባ ላይም አለማየሁ እሸቴ ተማሪ ሳለ የኤልቪስ ፕሪስሊን ዘፈኖች ይዘፍን ነበር። ያኔ «የሰው ተው» ብሎ ያስቆመው ቢኖር፣ አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ማሳተም የጀመራቸው ሸክላዎች ምን ያህል በጎደሉ! የሮክ ጊታር በእኛ ቅኝት አይናገርም የሚል ካለም፣ አይቤክስ ባንድ ማሕሙድ አሕመድን ያጀበበትን «ኧረ መላ መላ»ን ያዳምጥ፤ ጊታሩ የሰላም ሥዩም ነው።

ትናንት ማታ ኤፍ ጠራ። ልጁ ሁለት ጊዜ ደገመውና ዘፈኑን አቋረጠ። ከዚያ እዚያው ስድስት ምት ላይ ሆኖ ትዝታን ይፈልግ ጀመር። ሦስተኛዋን ድምፅ ከፍ አድርጎ ሳታት። ደግሞ ሳታት።

አዛውንቱ ከወዲያኛው ቤት «ዝቅ አድርጋት እንጂ!» አሉት።