የተክል ርቀትና የግንድ አያያዝ በግሪን ሃውስ ቲማቲም ምርት ላይ ያላቸው ተጽዕኖ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የመዲናዋ ትልቁ የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ የተዛወረበት አካባቢ ነው፡፡ ቀድሞ በአትክልት ተራ ይካሄድ የነበረው ግብይት በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በክፍለ ከተማው ወደሚገኘው ኃይሌ ጋርመንት መዛወሩ ይታወሳል፡፡ ለከተማዋ ነዋሪ የሚቀርበው ቲማቲም በአብዛኛው እንደ መቂና ባቱ (ዝዋይ) ካሉ የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ተጓጉዞ የሚመጣ ነው፡፡

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ በሆነችው አዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቅዝቃዜ የቲማቲም አበባ ፍሬ እንዳይቋጥር ያደርጋል፡፡ የክረምቱ ዝናብም የቅጠል በሽታን ያባብሳል፡፡ ግሪን ሃውስ ሁለቱንም ችግሮች ለመቀነስ ይረዳል፡፡ ይሁን እንጂ የከተማ መሬት ጠባብ በመሆኑ የሚተከለው ችግኝ ርቀትና በእያንዳንዱ ተክል ላይ የሚተወው ግንድ ብዛት ተያይዘው ካልተወሰኑ ለግንባታው የወጣው ገንዘብ ተገቢውን ምርት አያስገኝም፡፡

በሀገሪቱ በመስክ ላይ ለሚለማ ቲማቲም በስፋት የሚሠራበት ርቀት በመስመሮች መካከል 1 ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ነው፡፡ በግሪን ሃውስ ውስጥ ግን በአብዛኛው የሚመረጡት ማደጋቸውን የማያቋርጡ፣ በገመድ ታስረው ወደ ላይ የሚያድጉ ዝርያዎች በመሆናቸው ስሌቱ ይለያል፡፡ ለእነዚህ ዝርያዎች በአንድ ካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ግንድ ማቆም የተለመደ አሠራር ነው፡፡

ለአብነት ያህል መተላለፊያውን ጨምሮ በመስመሮች መካከል በአማካይ 80 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 50 ሳንቲ ሜትር ቢተው በ100 ካሬ ሜትር ላይ 250 ችግኝ ይተከላል፡፡ እያንዳንዱ በአንድ ግንድ ሲያድግ በካሬ ሜትር 2 ነጥብ 5 ግንድ ይሆናል፡፡ ርቀቱ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ወይም በ250ው ተክሎች ላይ ሁለት ሁለት ግንድ ቢተው የግንዱ ብዛት በሁለቱም መንገድ 5 ይደርሳል፡፡ በዚህ ጊዜ የፍሬው ቁጥር ቢጨምርም ቅጠሎች ብርሃን ይሻማሉ፤ ፍሬው ያንሳል፤ አየር በበቂ ሁኔታ ስለማይዘዋወርም እርጥበትና በሽታ ይበረታሉ፡፡

በአንጻሩ 125 ችግኞችን በ1 ሜትር ርቀት ተክሎ እያንዳንዱን በሁለት ግንድ ማሳደግ ያንኑ 250 ግንድ ያስገኛል፡፡ ይህ ዘዴ የዲቃላ ዘር ወጪን በግማሽ ይቀንሳል፡፡ ሆኖም የመጀመሪያው ለቀማ በመጠኑ ሊዘገይ ይችላል፤ አንድ ተክል ሲጠፋም ሁለት ግንድ አብሮ ይጠፋል፡፡ ሁለተኛው ግንድ ከመጀመሪያው የአበባ ዘለላ ሥር ከሚወጣው ጠንካራ ቀንበጥ ይመረጣል፡፡ ሌሎቹ የጎን ቀንበጦች ሳይጠነክሩ በየሳምንቱ፣ ተክሉ ደረቅ በሆነበት ሰዓት ይነቀላሉ፡፡ ትንባሆ የነካ እጅ ቫይረስ ሊያስተላልፍ ስለሚችል አስቀድሞ በሳሙና መታጠብ ይኖርበታል፡፡

የብርሃን መጠን ከወቅት ጋር መታየት ያለበት ጉዳይ ነው፡፡ በዓመት ከአንድ ካሬ ሜትር ከ50 ኪሎ ግራም በላይ በሚመረትባቸው የኔዘርላንድ ዘመናዊ ግሪን ሃውሶች ብርሃን በሚያንስበት ወቅት ጥቂት ግንድ ቆሞ፣ ብርሃን ሲጨምር ተጨማሪ ግንድ ይተዋል፡፡ በአዲስ አበባ ደመና የሚበዛው በክረምት በመሆኑ ፍሬው በሐምሌና በነሐሴ ለሚያድግ ተክል ሰፋ ያለ ርቀት፣ በበጋ ለሚያድገው ደግሞ ጠበብ ያለ ርቀት ይመረጣል፡፡

ከዚህ አኳያ የከተማ ግብርና ሥራን የሚከታተሉ አካላት አፈጻጸምን በተተከለ ችግኝ ቁጥር ብቻ ቢለኩ የተጨናነቀ ግሪን ሃውስ የተሻለ ውጤት ያስመዘገበ ሊመስል ይችላል፡፡ በመሆኑም በሪፖርት ውስጥ በካሬ ሜትር የቆመው ግንድ ብዛትና ለገበያ የሚበቃው ምርት በኪሎ ግራም አብሮ እንዲመዘገብ ማድረግ የባለሙያን ምክርም ሆነ የበጀት ውሳኔን በተጨባጭ መረጃ ላይ ለመመሥረት ያስችላል፡፡