የካዝናው ሹክሹክታ

ብራውኒንግ ሃይ ፓወር የተባለውን ሽጉጥ የያዙ ሰዎች ሁለት ጥቃቅን ነገሮችን ሲያማርሩ ኖረዋል። አንደኛው፣ ምላጩ ሲሳብ ለስላሳ አለመሆኑ ነው፤ ጣት በአሸዋ ላይ የሚሄድ ያህል ይጎረብጠዋል፣ ጆሮም ጸጥታ ካገኘ ቀጭን የመፋተግ ድምፅ ይሰማል። ሁለተኛው፣ ባዶው የጥይት ካዝና መልቀቂያው ሲጫን በራሱ ክብደት አለመውደቁ ነው፤ ጥቂት ወጣ ብሎ ይቆማል፣ በእጅም መጎተት አለበት። ነገሩ የአሠራር ጉድለት ይመስላል። ጉድለት ግን አይደለም፤ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የፈረንሳይ ጦር አዲስ ሽጉጥ ፈለገ። ካዝናው ቢያንስ 10 ጥይት እንዲይዝ፣ ካዝናው ከሽጉጡ ሲወጣም ምላጩ እንዲመክን ጠየቀ። የሁለተኛው ጥያቄ ምክንያት ግልጽ ነው። በራሱ በሚያጎርስ ሽጉጥ ካዝናው ቢነቀልም አንድ ጥይት በሆዱ ሊቀር ይችላል። ይህን የዘነጋ ወታደር «ባዶ ነው» ብሎ ምላጩን ሲስብ ጓዱን ወይም ራሱን ይመታል። ከጦር ሜዳ በሕይወት የተመለሰውን ሰው የጦር ሰፈር ስሕተት ይገድለዋል።

ጥያቄው በቤልጂግ፣ በኤርስታል ከተማ ወደሚገኘው የኤፍ ኤን ፋብሪካ ደረሰ። ዲዩዶኔ ሴቭ የተባለው መሐንዲስ ጥይቶቹ በሁለት ረድፍ ተዛንፈው የሚደረደሩበትን ሰፊ ካዝና አዘጋጀ፤ አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1923 ለአዲሱ ሽጉጥ የባለቤትነት መብት አመለከተ። ፍጻሜውን ግን አላየም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 26 ቀን 1926 እዚያው ፋብሪካ ውስጥ አረፈ፤ መብቱም የተሰጠው በማግሥቱ ዓመት ነበር። ሥራውን ሴቭ ቀጠለበት፤ ሽጉጡም 13 ጥይት የሚይዝ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1935 በቤልጂግ ጦር ተመረጠ። ፈረንሳይ ግን ሌላ ሽጉጥ መርጣ ሄደች። ጠያቂው ሄደ፤ መልሱ በብረት ውስጥ ቀረ።

የመልሱ አሠራር ቀላል ነው። በምላጩ ላይ በሞላ የሚገፋ ትንሽ ብረት አለ። ካዝናው ሲገባ የፊት ገጹ ይህን ብረት ይገፋዋል፤ ምላጩም ከተኩሱ መዋቅር ጋር ይገናኛል። ካዝናው ሲወጣ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ብረቱ ምላጩ በተሳበ ቁጥር የካዝናውን ገጽ ይፍቃል፤ የሚጎረብጠው እርሱ ነው። ሞላውም ካዝናውን ስለሚጫነው እንዳይወድቅ ይይዘዋል። ፋብሪካው በኋላ በአንዳንድ ካዝናዎች ግርጌ ሌላ ሞላ ጨመረ፤ ካዝናው ሲለቀቅ ይህ ሞላ ጠፍ ብሎ ይገፋዋል። ተጠቃሚዎችም «የአይጥ ወጥመድ» ብለው ሰየሙት። አንዱን ጠባይ ለማረም ሌላ ድምፅ ተወለደ።

የሚያሳስበው ግን ድምፁ አይደለም። ካዝናው ከሌለ ምላጩ ስለማይሠራ፣ ሽጉጡን ባዶ አድርጎ የተወጠረውን መዶሻ በምላጩ ማሳረፍ የሚፈልግ ወታደር ባዶ ካዝና መልሶ ማስገባት አለበት። ለደኅንነት የተሠራው ብረት፣ የደኅንነት ሥርዓቱን ለመፈጸም ካዝና እንዲገባ ያስገድዳል። በዚያች ቅጽበት የደከመ እጅ ባዶውን ትቶ ሙሉውን ቢያነሣስ? አንዱን ስሕተት ለመዝጋት የተሠራ በር ለሌላው ስሕተት ቀዳዳ ትቷል።

በዚህም ምክንያት ብዙዎች ይህን ብረት አውጥተው ጣሉት። ምላጩ ለሰለሰ፣ ካዝናውም እንደ ልብ ወደቀ። ፋብሪካው የጥንቱን ሽጉጥ ማምረት እ.ኤ.አ. በ2018 አቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በዚያው ስም ያወጣው አዲስ ሽጉጥም ይህ ብረት የለውም።

ብረቱን ያወጡትን አልወቅስም፤ ምክንያት አላቸው። ነገር ግን መጎርበጡ የአንድ ሥጋት ድምፅ ነበር፤ በመዘንጋት ስለሚሞት ሰው የተጨነቁ ሰዎች ትተውት የሄዱት። ድምፁ ዛሬ ጠፍቷል፤ መዘንጋት ግን አልጠፋም። ካዝናውን ነቅሎ «ባዶ ነው» የሚል ሰው፣ የሽጉጡን ሆድ ከፍቶ በዓይኑ ማየት አሁንም የራሱ ዕዳ ነው።